ሃምሳ ድርሃም በሳምንት

ወንድሜ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ይሰበስብ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ስለ ትንሽ ልጅ የማወራ ይመስለዋል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጢም ነበረው። ዓረብ አገር ዴራ ገበያ መጥተው በጅምላ ለሚሸምቱ የሐበሻ ነጋዴዎች አል ቁሰይስ ካለ መጋዘን ዕቃ ያሽግ ነበር። አንድ ጥቅል ጨርቅ ብቻውን ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚሄድ ጎረምሳ ነው እንግዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ሒሳብ ሲቀበል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካርድ ሻጭ ነበር።

እኔ የምኖረው እዚያው አል ቁሰይስ ነው፤ ስምንት ሴቶች አልጋ አልጋችንን ተከራይተን በምንጋራው ክፍል፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት። ወንድ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ከሕንፃው ሥር ካለችው ትንሽ ሱቅ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ እንቀመጥና ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ይከፍታል። ካርዱ የሚሸጠው ታሽጎ ነው፤ ከፍቶ እስኪያይ ድረስ የትኛው ተጫዋች እንደደረሰው ማንም አያውቅም። ከጀርባው ቁጥር አለው። ቁጥሮቹን ሁሉ አሟልቶ አልበም ውስጥ የሰካ ሰው ጨረሰ ይባላል። ከጨረሱ በኋላ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ጠይቄው «ሌላ ዓመት ሌላ ይወጣል» አለኝ። በዚህ መልስ ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

እናታችን ደብረ ብርሃን ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። ስለ ካርዱ መጀመሪያ ስነግራት ነገሩ ሊገባት አልቻለም።

«ውስጡን ሳያይ ነው የሚገዛው?»

«አዎ።»

«ዶሮ እንኳ ደረቷን ዳብሰን ነው የምንገዛው» አለች። ቀጥላም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ከቤቷ ጀርባ ለእሱ ሁለት ክፍል ቤት አስጀምራለት ነበር። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ቀርቷል፤ ቤቱ ሲያልቅ ልትድረው ነው ሐሳቧ። ስለዚህ ፈረደች። ለወረቀቱ በሳምንት ከሃምሳ ድርሃም እንዳያልፍ፣ ጠባቂዋም እኔ እንድሆን። «አንቺ ታላቅ ነሽ። በየሳምንቱ ያወጣውን ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

ታላቅ መሆን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ማንም ሳይሾምሽ ገንዘብ ያዥ ትሆኛለሽ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቆጣቢ ነኝ፤ ሰው ግን ቋጣሪ ይለኛል። ስልኬ ላይ በየሳምንቱ ሁለት ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛው በእርግጥ ያወጣው ነው፤ ያን ለእሱ አሳየዋለሁ፣ እንዲያፍር። አያፍርም። ሁለተኛው ለእማዬ የምነግራት ነው። መቶ አሥር ካወጣ ስልሳ እላለሁ፤ ሰማንያ ካወጣ ሃምሳ አምስት። ጭራሽ ሃምሳ ብዬ አላውቅም፤ ሃምሳ ብላት አታምነኝም ነበር። ትንሽ ያለፈ እንደሆነ ነው እውነት የሚመስለው። እሷም ትንሽ ትቆጣና «በይ ንገሪው፣ በሚቀጥለው እንዳይደገም» ብላ ስለ በርበሬው ዋጋ ወደ ማውራት ትሄዳለች።

እሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። «እታለም፣ ዛሬ ስንት ቀነስሽልኝ?» ይለኛል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ። እኔም እሰድበዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጋዘኑ ውስጥ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ከዚያ በፊት ታሞ አያውቅም።

እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ዲስከቨሪ ጋርደንስ አንዲት ማዳም ቤት ነው የምሠራው፤ ከአል ቁሰይስ ሜትሮው ሩቅ ስለሆነ ገና ሳይነጋ እነሣለሁ። ፀጉሬን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተከፈተና የእሱ የሥራ ጓደኞች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አራት ናቸው። ወንድ ወደ ላይ አይወጣም ብያለሁ፤ የዚያን ቀን ማንም አልከለከላቸውም። የክፍላችን ሴቶችም አልጋቸው ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ለካ ማታውኑ ሰምተው ኖሯል። እንዲህ ተሰብስቦ በጠዋት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በእኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል። ሳይናገሩ ገባኝ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። እኔ የፀጉር ማሰሪያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ማዳም ጋ መደወል አለብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ደወልኩም፤ ሁለት ቀን ሰጠችኝ።

እንባ እምቢ አለኝ። አፈርኩ እንጂ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ወንድሟ ሞቶ የማታለቅስ ሴት አይቼ አላውቅም ነበር።

አጎቴ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ በዚያው ቀን ደወለ። እሱ ከወንድሜ ጓደኞች ሰምቷል። ድምፁ ተሰባብሯል፤ ቃሉ ግን ቁርጥ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ እናትሽ ደም ብዛት አለባት። ብቻዋን በስልክ መስማት የለባትም። ሬሳው አገር ሲገባ ሰው ሰብስበን ሄደን እናረዳታለን። እርሟን የምታወጣው ሰው ከቧት ነው። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

ልክ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አጠገብ ሊኖር፣ የሚይዛት እጅ ሊኖር ይገባል። እኔም እንደዚያ ነው የተነገረኝ፤ ለእናቴ ከዚያ ያነሰ አልመኝላትም። ስለዚህ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱ እስኪሄድ እማዬ እንዳታውቅ ማድረግ። ሳምንት ይፈጃል ብዬ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈ ቆይቶ፣ ፓስፖርቱም የቀድሞ አሠሪው እጅ ቀርቶ ኖሮ፣ የሬሳ መላኪያው ወረቀት አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየጎደለ ሳምንታት ወሰደ።

የመጀመሪያው እሁድ መጣ። አዘጋጅቼ ነበር፤ «ሥራው ወደ ወደብ ተዛውሯል፣ እዚያ ስልክ አያስገቡም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አገኘዋለሁ» አልኳት። ተቀበለች። ስልክ የሚከለክል አሠሪ እንዳለ ከእኔው የቆየ ታሪክ ታውቃለች።

«ደህና ነው ብቻ?»

«ደህና ነው።»

«ለወረቀቱስ ስንት አወጣ?»

ይህን አላዘጋጀሁም። ስልሳ ብል ያበቃ ነበር፤ ስንት ጊዜ ብያለሁ። አፌ እምቢ አለኝ። ቀድሞም እዋሻት ነበር፤ ግን ካለው ላይ እየቀነስኩ ነበር የምዋሸው። አሁን የምቀንስበት የለም። «ገና አልተሳሰብንም፤ ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ከሕንፃችን ሥር ካለችው ሱቅ ገብቼ አራት ፓኬት ገዛሁ። አርባ ስምንት ድርሃም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኳቸው። በሕይወቴ ከፍቼ አላውቅም፤ እሱ ጥግ ላይ ያለችውን ጥርስ ይዞ ቀስ አድርጎ ነበር የሚቀደው፣ እኔ መሀሉን ቦጨቅሁት። የማላውቃቸው ሰዎች በቁምጣ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ጓደኞቹ ካመጡልኝ ሻንጣ አልበሙን አውጥቼ ቁጥሩን ከቁጥር አስተያየሁ። ሁሉም አስቀድሞ ያለው ነው።

ለእማዬ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። አርባ ስምንት።

«አርባ ስምንት?» አለች። «ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ደመወዙን ከለከሉት?»

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ።»

ዓመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ ቋጣሪነቴ ሊያጋልጠኝ ነበር። ሃምሳ ድርሃም ውስጥ የሚያድር ልጅ አልወለደችማ። በእሱ ስም መግዛቴ ካልቀረ እንደ እሱ መግዛት እንዳለብኝ ያኔ ተረዳሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባ ሁለት አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ሰማንያ አራት። ያወጣሁትን ሳልቀንስ እነግራታለሁ፤ አሁን በስልኬ ላይ የምጽፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እሷም እንደ ድሮዋ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ ሰላም እንደሆነች አውቃለሁ። አንዳንዴ ካርዶቹን ስታስቆጥረኝ «የሚያብረቀርቀው ደረሰው?» ትላለች። አንዱ ደርሶት ከሆነ ደርሶታል እላለሁ፤ ካልደረሰ አልደረሰም። ሕይወቷን ሙሉ በሚዛን የኖረች ሴት ናትና የሌለ ነገር ብነግራት ድምፄ ውስጥ የምታገኘው ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬን እሠራለሁ። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ በደንብ እሠራ ነበር። ማዳም አንድ ቀን የተኮስኩትን ሸሚዝ አንሥታ «ዛሬ ምን ነካሽ፣ እንዲህ ያማረ» አለችኝ። ራት እበላለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል። የክፍላችን ታላቅ፣ ጎጃሜዋ ሴት፣ ይህ ጤና አልመሰላትም።

«አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ» አለችኝ አንድ ጠዋት። «ዋላሂ ትታመሚያለሽ።»

«አልመጣልኝም እትዬ።»

«ካርድ መግዛቱንስ ለምን አትተይም? አንድ ቁጥር ብትነግሪያት አይበቃም? ሙሽኪላው፣ ችግሩ ምንድነው?»

«ኸላስ እትዬ፣ ተይኝ» አልኳት። እሷም ተወችኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራቴን ሳልበላ እንዳልተኛ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር።

አልበሙ ውስጥ አንዲት ባዶ ኪስ ነበረች። አንድ ቁጥር ብቻ ጎድሎት ነበር የሞተው። እማዬም ስለሱ ታውቃለች፤ እሱ ሲያወራላት ሰምታለችና «ያ የጎደለው አልተገኘም?» ማለት አመጣች። ዓጅማን ውስጥ ካርድ በነጠላ የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፤ ወንድሜ አንዴ ይዞኝ ሄዶ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሻርጃ በኩል አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከስልክ ሽፋንና ከልጆች መጫወቻ ጀርባ፣ መስታወት ሥር ካርዶቹ ተደርድረዋል። ሽማግሌው አወቀኝ።

«አኹ ወይን?» አለኝ። ወንድምሽስ ማለቱ ነው።

«ሹግል» አልኩት። ሥራ ላይ ነው።

ቁጥሩን ነገርኩት። ፈልጎ አወጣው፤ ዘጠና ድርሃም አለኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ ያ ብቻ ነው። ሽማግሌው ራሱ ግር ብሎት ሁለት ፓኬት መረቀልኝ። አውቶቡስ ውስጥ አልበሙን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ካርዱን ኪሱ ውስጥ ሰካሁት። ጨረሰ። ወንድሜ ለዚህች ደቂቃ ሁለት ዓመት ደክሟል። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሻርጃ እስክንደርስ ጠበቅሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሩዝ በላስቲክ ይዞ ነበር፤ ሽታው ራበኝ አሰኘኝ። ሌላ ምንም።

በማግሥቱ ለእማዬ «ያ የጎደለው ተገኘ» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች። ስትስቅ ይሰማኛል። «ደስ አለው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ከጨረሰ ያቆማላ። በሚያወጣው ጣሪያውን ያልብስልኝ።»

እሺ እነግረዋለሁ አልኳት። ቅዳሜ ሲደርስ ግን መግዛቴን አላቆምኩም። ሁሉም ያለን ካርድ ነው፤ ድርብ በድርብ ላይ ይቆለላል። እሱ ቢሆን አያቆምም ነበር፤ እሷም ቢያቆም ትደነግጥ ነበር።

የሬሳው መላኪያ ወረቀት ተሟልቶ አለቀ። ዕቃ ሲያሽግላቸው የኖሩት ነጋዴዎች ለመጫኛው አዋጡ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሸቀጡን እንዲያገኝ ወደ ካርጎ ሲልክ የኖረ ልጅ እሱም በካርጎ ሄደ። እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ ብወጣ የምመለስበት ቪዛ አልነበረኝም። አልበሙን ለጓደኛው ሰጥቼ ከሬሳው ጋር ለሚሄደው ሰው እንዲያስይዘው አደረግሁ። አጎቴ ቦሌ ድረስ መኪና ይዞ መጥቶ ተቀበለው።

እማዬን ሲያረዷት እኔ ሜትሮ ውስጥ ነበርኩ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ አጎቴ ነግሮኛል፤ ጎህ ሲቀድ፣ እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳትወጣ። ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። «ነገርናት። ሰው ከቧታል» የሚል መልእክት ገባ። የፈለግሁት ይህን ነበር፤ እንደተመኘሁት ሆነ። ወርጄ ሥራ ገባሁ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶቹ ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ከሌላ ሕንፃም ሰው መጣ። እኔ እንግዳ እንደማስተናግድ ሰው ውሃ እቀዳ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ደወለች። የቀብሩ ድካም ድምጿን አጥፍቶታል። ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። ለምን ደበቅሽኝ አላለችም። መርዶ የደበቀ ሰው አይወቀስም፤ እሷም ለስንቱ ደብቃለች። አልበሙ ጭኗ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ።

«በሃምሳ ድርሃም» አለች። «ልጄን በሃምሳ ድርሃም ለካሁት። ለፍቶ ባመጣው፣ የእኔ ባልሆነው፣ በወረቀት እንኳ እንዳይደሰት። አይጠጣ፣ አይቅም፣ ሌላ ምን ነበረው? እኔ ነኝ የከለከልኩት። ለጣሪያ ብዬ።» ደረቷን ስትመታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። አንዲት ሴት «ተይ እንጂ፣ ተይ» ትላለች።

«እማዬ» አልኳት። «ሃምሳ ሆኖ አያውቅም።»

አልሰማችኝም። ደገምኩላት።

«አንድም ሳምንት ሃምሳ ሆኖ አያውቅም። እኔ ነበርኩ የምቀንስለት። ስልሳ ስልሽ መቶ አሥር ነበር።»

ደረቷን መምታቱን አቆመች።

«መቶ አሥር?»

«አዎ።»

«ለፋሲካስ? ለፋሲካ ሰባ ብለሽኝ ነበር።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«ሌባ» አለች፤ ያንኑ እሁድ እሁድ የምትቆጣበትን ድምፅ ይዛ። «ሁለታችሁም ሌቦች።» ተነፈሰች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ስልኬ ላይ ያለውን እያየሁ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ፣ ለእሱ እንዲያፍር የጻፍኩትን፣ እውነተኛውን። ዘጠና ስድስት። መቶ ሃያ። ስልሳ፣ ያን ሳምንት ጉንፋን ይዞት ስለነበረ ነው። መቶ አርባ አራት፣ ሻርጃ አዲስ ሱቅ ያገኘ ጊዜ። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ «እህ» ትላለች፤ ብዙ ሲሆን «አይ ይሄ ልጅ» ትላለች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ዝም አሉ፤ ምን እንደምትሰማ አልገባቸውም መሰለኝ። እየነገርኳት ቁጥሮቹ ደስ አሉኝ። ባወጣው ቁጥር ደስ አለኝ። ይበልጥ ባወጣ ኖሮ አልኩ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ጋ ደረስኩ፤ ከሞተበት ማክሰኞ በፊት ያለው። መቶ ስምንት አልኳትና ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያ በታች ያሉትን ቁጥሮች አየኋቸው። አርባ ስምንት። ሰባ ሁለት። ሰማንያ አራት።

«ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ አይደለም እማዬ» አልኳት። «የኔ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ እስኪያንቀጠቅጠኝ አለቀስኩ። ጎጃሜዋ ሴት መጥታ ከኋላዬ ያዘችኝ። እማዬ አልከለከለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ትንፋሼ ሲመለስ ድምጿ መጣ።

«እሱንም ንገሪኝ» አለችኝ።